ፍሪሲዮኑ ለእግራችሁ እንዲስማማ፦ የፒካፕ ፔዳል ማስተካከያ መመሪያ

የፒካፓችሁ ፍሪሲዮን ሲከብዳችሁ፣ ወይም በተቃራኒው ቀልሎ ቀልሎ የት ጋ እንደሚይዝ ሳይገባችሁ ሲቀር፣ ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት የሚሞከር ብዙ ነገር አለ። አብዛኛው ሥራ ጋቢና ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ የሚሠራ ነው። አንገት ያሳምም ይሆናል እንጂ ከባድ አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ስለ ፍሪሲዮን ሲያማርር አብዛኛውን ጊዜ «ከበደኝ» ነው የሚለው። ክብደትን ግን እግር ቶሎ ይለምደዋል። የማይለመደው የት እንደሚይዝ የማያሳውቅ ፔዳል ነው። ሲነሳ ማንገጫገጩ፣ ዳገት ላይ ሞተር መጥፋቱ፣ ማርሽ ሲቀየር መኪናው መናጡ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ሥራዎች ዋና ዓላማ አንድ ነው፤ ሸራው (የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው ዲስክ) ሲነካ እግር በግልጽ እንዲያውቀው ማድረግ። አንዳንዱ ለውጥ እንዲያውም ፔዳሉን ትንሽ ያከብደዋል። ይህ ካላስፈራችሁ እንቀጥል።

መመሪያው በዘይት ግፊት ለሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። የአሁኖቹ ፒካፖች ከሞላ ጎደል እንዲህ ናቸው። በካቦ የሚሠራ አሮጌ መኪና ካላችሁ ስለ ልኬትና ስለ ግሪስ የተጻፈውን ብቻ ውሰዱ።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ያስቸገራችሁን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት። «ፔዳሉ ይከብዳል» እና «ወለል ካልነካ ማርሽ አይገባም» የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። «እግሬን አንስቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የሚይዘው» ደግሞ ሌላ ነው። የሦስቱም መፍትሔ ለየብቻ ነው። አንዱን ለማዳን የሚደረገው ሌላውን ሊያባብሰው ይችላል።

ድንገት የተለወጠ ፔዳል የማስተካከያ ጉዳይ አይደለም፤ ብልሽት ነው። ትናንት ደህና የነበረ ፔዳል ዛሬ ወለል ላይ ከቀረ ወይ ዘይት እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ውስጥ ያለው ማሸጊያ ጎሚኒ አልቋል። ቀስ በቀስ፣ በረጅም ጊዜ ውስጥ የከበደ ፔዳል ደግሞ የሸራ መሳሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሸራው ሲሳሳ ፕሬሸር ፕሌቱ (ሸራውን የሚጫነው ሳህን) ወደ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይጠጋል። የፕሬሸር ፕሌቱ ሞላ ጣቶችም አቀማመጣቸው ይለወጥና እነሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። ይህንን በ12 ቁልፍ ማዳን አይቻልም።

ሁለት ፈተና አድርጉ። አንደኛው፣ ባዶ በሆነ ሜዳ መንገድ ላይ በአራተኛ ማርሽ ዝግ ብላችሁ እየሄዳችሁ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ርገጡ። የሞተሩ ዙር ብድግ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቆማችሁ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ፣ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ርገጡ። ጥቂት ሰከንድ ጠብቁና ኋላ ማርሽ አስገቡ። ከጮኸ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም። ከሁለቱ አንዱን የወደቀ መኪና መጀመሪያ ይታከም። የእግር ምቾት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከእግር እስከ ሸራ

ነገሩን በአጭሩ። ፔዳሉ መግፊያ ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ የላይኛውን ፓምፕ ፒስተን ይገፋል። ፓምፑ ዘይት በቱቦ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይልካል። የታችኛው ፓምፕ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው የፍሪሲዮን ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ኩሽኔታው የፕሬሸር ፕሌቱን ጣቶች ተጭኖ ሸራውን ነፃ ያወጣዋል። አንዳንድ መኪና ሹካ የለውም። የታችኛው ፓምፕ ካምቢዮው ውስጥ፣ ከኩሽኔታው ጋር አንድ ላይ ይቀመጣል። የእናንተ እንዲህ ከሆነ ከታች በኩል የምትነኩት ነገር የለም፤ ከላይ በኩል ያለው ሥራ ግን ያው ነው።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስሜት የሚሰረቅባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። የደረቀ ቡሽ (መዞሪያው ውስጥ የሚገባ ቀለበት)፣ የሚለጠጥ ሆዝ፣ ዘይት ውስጥ የገባ አየር፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያስገባው ሞላ ወይም ቫልቭ። እንግዲህ የምናደርገው እነዚህን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። አንድ በአንድ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም።

ለኩና ጻፉ

ማስመሪያና ደብተር ያዙ። ምንጣፉን ከፔዳሉ ሥር አንሡ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ወፍራም ወይም የተደረበ ምንጣፍ ፔዳሉን ከወለሉ በፊት ያቆመዋል። ማርሽ አልገባ ያለው በዚህ ብቻ የሆነ መኪና አለ። ወንበሩንም ተመልከቱ። ፔዳሉ ወለል ሲነካ ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት። እግር ተዘርግቶ የሚረገጥ ፍሪሲዮን ሁልጊዜ ከባድ ነው።

ከዚያ አራት ነገር ለኩ። የፔዳሉ ከፍታ ከወለሉ ቆርቆሮ። ፔዳሉን በጣት ስትገፉ ጠንከር እስኪል ድረስ የሚሄደው ነፃ እንቅስቃሴ። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ። የሚለቅበት ቦታ።

የሚይዝበትን ለማግኘት መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። አንደኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጅ ሳትነኩ ፔዳሉን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲል፣ የዙር መለኪያው መርፌ ትንሽ ሲወርድ እዚያው አቁሙ። ሁለተኛ ሰው ቁመቱን ይለካ። የሚለቅበትን ለማወቅ ደግሞ የቶዮታ የጥገና መመሪያ የሚለውን መከተል ይቻላል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ የማርሹን ዘንግ ወደ ኋላ ማርሽ በጣም በቀስታ አስጠጉ። ጥርሶቹ ሲነካኩ ይሰማል። ሳትጫኑ እዚያው ያዙትና ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ጩኸቱ የቆመበት ቦታ ፍሪሲዮኑ የለቀቀበት ነው። ከዚያ እስከ መጨረሻው እርግጫ ድረስ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር መቅረት አለበት።

ይህን 25 ሚሊሜትር አትርሱት። በኋላ የምታደርጉት ማንኛውም ማስተካከያ ከዚያ በታች ካወረደው ትርፉ የካምቢዮ ጥርስ መብላት ነው።

ግሪስ

የፔዳሉ መዞሪያ ላይ ያለው ቡሽ ከደረቀ ፔዳሉ ይንቋቋል፣ ይሻክራል፣ ሲለቀቅም ይዘገያል። ዘንጉና ፔዳሉ የሚገናኙበት ፒንም እንዲሁ። የተበላ ፕላስቲክ ቡሽ ከሆነ ግሪስ አያድነውም፤ ይቀየር። ፔዳሉን ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ ከተንቀዋለለ ቡሹ ሄዷል። ደህና ከሆነ አሮጌውን ግሪስ ጠርጋችሁ ትንሽ አዲስ ቀቡ። የሚረጭ ቀጭን ዘይት ለሁለት ቀን ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ይብስበታል።

ከታች በኩል ሹካው በላስቲክ ሽፋን የሚወጣ ከሆነ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ሹካውን የሚነካበት ጫፍ ላይም ትንሽ ሙቀት የሚችል ግሪስ ያስፈልጋል። «ትንሽ» ማለቴ ነው። የተትረፈረፈ ግሪስ መንገዱን አግኝቶ ሸራው ላይ ይደርሳል። ከመኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፤ መደገፊያ ይኑረው።

መግፊያ ዘንጉ፦ ብዙው ነገር እዚህ ነው

አንድም ዕቃ ሳይገዛ የፔዳሉን ጠባይ በጣም የሚለውጠው ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ከዳሽቦርዱ ሥር ገብታችሁ ፔዳሉን ወደ ላይ ስትከተሉ፣ ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ ግድግዳ የሚገባ ቀጭን ዘንግ ታያላችሁ። ክር አለው፤ ክሩ ላይ ማጥበቂያ ዳዶ አለ። ብዙ ጊዜ 12 ቁልፍ ይገባዋል። ዳዶውን አላልታችሁ ዘንጉን ስታዞሩት ይረዝማል ወይም ያጥራል። ዘንጉ ሲረዝም ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ከወለሉ ይርቃል። ሲያጥር ወደ ወለሉ ይወርዳል። ዘንጉ ለማስተካከያ የማይመች፣ ክር የሌለው ከሆነ ይህ ክፍል አይመለከታችሁም።

ቅደም ተከተሉ ይኸው። መጀመሪያ የፔዳሉን ከፍታ አስተካክሉ፤ ይህ የሚደረገው ፔዳሉ ከላይ በሚያርፍበት ብሎን ወይም ስዊች ነው። ቀጥሎ ዘንጉ። ተገልብጦ ከተሠራ ሁለተኛው ሥራ የመጀመሪያውን ያፈርሰዋል።

ዘንጉን በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር አዙሩ። ለምን? ፔዳሉ እንደ ማንሻ ስለሆነ ትንሿን ያበዛታል። የፔዳሉ ብዜት 6 ለ 1 ነው እንበል፤ ክሩ ደግሞ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ይሄዳል እንበል። አንድ ሙሉ ዙር ከእግር በታች 7.5 ሚሊሜትር ለውጥ ያመጣል። ይህ በእግር ሲሰማ ብዙ ነው። ግማሽ አዙሩ፣ ዳዶውን አጥብቁ፣ ለኩ፣ ዞር ዞር ብላችሁ ንዱ።

አሁን ወደ አደጋው። የላይኛው ፓምፕ ውስጥ አንዲት በጣም ጠባብ ቀዳዳ አለች። ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲለቀቅ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመለስና ይህች ቀዳዳ ትከፈታለች። በቱቦው ውስጥ ያለው ዘይት በእሷ በኩል ከማጠራቀሚያው ጋር ይገናኛል። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱም ይሞቃል፣ ይሰፋል፤ ትርፉ በቀዳዳዋ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ዘንጉን ከመጠን በላይ ካስረዘማችሁት ግን ፒስተኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ቀዳዳዋ እንደተዘጋች ትቀራለች። የሚሰፋው ዘይት መውጫ ሲያጣ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ሳይኖር ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይሆናል። ጠዋት ደህና ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዳገት ላይ መንሸራተት ይጀምራል። ሰው ሸራ አልቋል ብሎ ካምቢዮ ያስወርዳል።

ነፃ እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። ቶዮታ ለብዙ ፒካፖቹ የሚሰጠው ልክ ፔዳሉ ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ የዘንጉ ብቻ የሆነው፣ ዘንጉ ፒስተኑን ሳይነካ የሚሄደው፣ ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው። የእናንተ መኪና መጽሐፍ ሌላ ካለ የመጽሐፉን ያዙ። በጣት ፈትሹት፤ በእግር አይታወቅም። ፔዳሉን በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ስትገፉ መጀመሪያ ምንም የማይል ባዶ ቦታ አለ። ከዚያ ለስላሳ ግፊት ይመጣል። ከዚያ ጠንካራው። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ጭራሽ ከጠፋ ዘንጉን መልሱት።

ማጠራቀሚያው ቀጥታ ፓምፑ ላይ የተቀመጠ ከሆነ በዓይን የሚታይ ማረጋገጫም አለ። ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍናችሁ፣ ወደ ዘይቱ ተመልከቱ። ሌላ ሰው ፔዳሉን ከላይ ጀምሮ በቀስታ ይርገጥ። ገና ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ሚሊሜትሮች ላይ፣ የዘይቱ ገጽ ከሥር ተገፍቶ ቡልቅ ይላል። ያች ቡልቅታ ቀዳዳዋ ክፍት እንደነበረች ትነግራችኋለች። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ዘንጉ ረዝሟል ብላችሁ ጠርጥሩ።

በተቃራኒው ዘንጉ በጣም ካጠረ ፍሪሲዮኑ ወለል ላይ ይይዛል፣ በደንብም አይለቅም። ያኔ የ25 ሚሊሜትሩን ልክ እንደገና ለኩ። እኔ የምመርጠው ፔዳሉ ከእርግጫው አጋማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲይዝ ነው። ተረከዝ ወለል ላይ እንዳለ በቁርጭምጭሚት ብቻ መቆጣጠር ያስችላል። ረጅም እግር ያለው ሰው ከፍ ያለ ሊወድ ይችላል።

ከወለሉ በኩልም ማሳጠር ይቻላል። ፍሪሲዮኑ ከለቀቀ በኋላ የሚቀረው እርግጫ ለምሳሌ 45 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ አድርጋችሁ እስከ 20 ሚሊሜትር መቀነስ ትችላላችሁ። እግር ያለ ትርፍ የሚሄደውን መንገድ ያስቀርለታል። ማቆሚያው በብሎን የታሰረና የማይንሸራተት ይሁን። ከዚያ ሞተሩን ለማስነሳት ሞክሩ። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሳ መኪና ስዊቹ ፔዳሉ ታች ላይ ስለሆነ፣ ማቆሚያው ከፍ ካለ ቁልፉን ብታዞሩ ዝም ይላል።

ዘይቱና አየሩ

ፔዳሉን ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚይዝበት ቦታ ከፍ እያለ ከመጣ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ። ዘይቱ ከጠቆረም ይቀየር። ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፤ ይህ ዘይት ደግሞ ውሃ ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ገደቡ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ተጠቀሙ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ዘይቱ ቀለም ይልጣል። ኮፈኑን ከፍታችሁ በማጠራቀሚያው ዙሪያ ጨርቅ አልብሱ፤ አጠገቡ ውሃ ይኑር። ከዚያ፦

1. ማጠራቀሚያውን ሙሉ። በአንዳንድ መኪና የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ማጠራቀሚያ አንድ ነው። እንዲህ ከሆነ ዘይቱ ፈጽሞ እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ ፍሬን ውስጥ አየር ታስገባላችሁ።

2. የታችኛው ፓምፕ ማስተንፈሻ ብሎን ላይ ግልጽ የሆነ ቀጭን ላስቲክ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ።

3. ረዳታችሁ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይርገጥና «ያዝኩ» ይበል። ብሎኑን ሩብ ዙር ፍቱ፤ ዘይቱና አየሩ ይወጣል። ፔዳሉ ወለል ሲደርስ ብሎኑን አጥብቁና «ልቀቅ» በሉት። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ያወጣችሁት አየር ተመልሶ ይገባል።

4. አረፋው እስኪጠፋ፣ የሚወጣውም ዘይት እስኪጠራ ድጋሙ። በየጥቂቱ ማጠራቀሚያውን እዩ።

አረፋው አልጠፋ ካለ ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ላይ ተቆልምሞ አየር ይዟል። ብሎኑን ፈታ አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲንጠባጠብ ተዉት። ታግሶ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ከመርገጥ ይሻላል።

ረዳት ሞላው

በብዙ ፒካፖች ፔዳሉ አናት አካባቢ፣ በፔዳሉና በማሰሪያው መሃል የተወጠረ ሞላ አለ። ተራ መመለሻ ሞላ አይደለም። ከላይ ሲሆን ፔዳሉን ወደ ላይ ይገፋል። እርግጫው መሃል ካለፈ በኋላ አቅጣጫውን ይለውጥና ፔዳሉን ወደ ታች ይገፋል፤ እግርን ያግዛል ማለት ነው። የቶዮታ ታኮማ ባለቤቶች በብዛት የሚነካኩት ይህንን ነው።

ሐሳቡ ለፋብሪካው ጥሩ ነው። ፔዳሉ ይቀላል፤ ሰውም ይወዳል። ችግሩ ሞላው የሚያግዘው ፍሪሲዮኑ በሚይዝበት አካባቢ መሆኑ ነው። እግር ከሸራው የሚመጣውን ግፊት ሊያነብ ሲል ሞላው መሃል ገብቶ ያደነዝዘዋል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ መጀመሪያ የመቅረት፣ ከዚያ ድንገት የመስፈንጠር ጠባይ ያመጣል።

እንዳላችሁ ለማወቅ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። መጀመሪያ እንቢ ብሎ መሃል ላይ ድንገት ከለሰለሰ አለ።

አወጣጡ ይህን ይመስላል። የዓይን መከላከያ አድርጉ። ይህ ሞላ በጣም የሚጨመቀው እርግጫው መሃል ላይ ነው፤ ከላይና ከታች ሲሆን ይላላል። ስለዚህ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ላይ እንዳለ ሥሩ፤ መሃል ላይ ፈጽሞ አትንኩት። ሞላውን በጨርቅ ሸፍኑ። ማቆያ ክሊፑን በፒንሳ አውጡ፣ ፒኑን ግፉት፣ ሞላውን ከነመቀመጫው ተቀበሉት። ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የመቀመጫዎቹ አቅጣጫ በኋላ ያጨቃጭቃል። ዕቃዎቹን አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ጻፉበትና መኪናው ውስጥ አኑሩት። መልሳችሁ ማስገባት ልትፈልጉ ትችላላችሁ።

ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡና በራሱ እስከ ላይ መመለሱን ተመልከቱ። እስከ ላይ ካልተመለሰ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቅድም ያልናት ቀዳዳ ትዘጋለች፤ ከላይ ያለው ስዊችም አይሠራም። ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ) ያለው መኪና በዚህ ምክንያት እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ወይ ሞላውን መልሱ፣ ወይ ወደ ላይ ብቻ የሚስብ ቀላል መመለሻ ሞላ ግጠሙ።

ፔዳሉ ይከብዳል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ያሰባችሁትን ያህል አይደለም። የፕሬሸር ፕሌቱ ሞላ ራሱ ጣቶቹ ከተወሰነ ቦታ በላይ ሲገፉ የመለስለስ ጠባይ አለው። እሱ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ በመኪና መጨናነቅ ውስጥ የሚውል ሰው፣ ወይም ጉልበቱን የሚያመው፣ ይህን ባይሠራ ይሻለዋል። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠርን ግን ለማንም አልመክርም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫውን ይበላል፤ አንድ ቀንም ይሾልካል።

ማዘግያው ቫልቭ

እግራችሁን በፍጥነት ብታነሡም ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ የሚይዝ ከሆነ መስመሩ ላይ ማዘግያ ቫልቭ ሊኖር ይችላል። ሲረገጥ ዘይቱን እንደልብ ያሳልፋል። ሲለቀቅ ግን በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይመልሳል። ፋብሪካው ያደረገው ፔዳሉን ድንገት የሚለቅ ሰው ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን እንዳይመታ ነው። ጠንቃቃ ነጂን ግን ያናድዳል። የእግሩ እንቅስቃሴና የሸራው እንቅስቃሴ ስለማይገጥሙ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሸራው ትንሽ ይንሸራተታል።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው በታኮ ተይዞ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ረግጦ እግሩን ባንዴ ያንሣ። እናንተ ከሥር ሹካውን እዩ። ከፔዳሉ ጋር አብሮ ተወርውሮ ከተመለሰ ቫልቭ የለም። እየተጎተተ ከተመለሰ አለ።

ቫልቩ ብዙ ጊዜ የታችኛው ፓምፕ መግቢያ ላይ ወይም ብረቱ ቱቦ ከሆዙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ቱቦውን በተራ ቁልፍ አትፍቱ፤ ዳዶው ይከባል። ለቱቦ የተሠራውን፣ ዳዶውን ከብቦ የሚይዘውን ቁልፍ ተጠቀሙ። ቫልቭ የሌለው መገናኛ ከተገኘ እሱን ግጠሙ፤ የመዳብ ሮንዴላዎቹን በአዲስ ቀይሩ። ቫልቩን በድሪል መብሳት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ከመኪናው አውጥቶ ይብሳ፣ ከዚያም አጥቦ ይግጠም። አንዲት የብረት ፍርፋሪ የፓምፑን ጎሚኒ ትልጠዋለች። ከዚያ እንደገና አየር ማስወጣት ነው።

መስመሩ ላይ የሞተሩን ንዝረት የሚያበርድ ክብ ዕቃም ታገኙ ይሆናል። ያንን ብታወጡት ፔዳሉ ጠንከር ይላል፤ ንዝረቱ ግን እግራችሁ ላይ ይመጣል። እኔ እሱን ባለበት እተወዋለሁ።

ቫልቩ ከወጣ በኋላ መኪናው ለጥቂት ቀን ያስነጥራችኋል። ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ከባድ ተጎታች የሚስብ መኪና ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡበት።

ሆዝና ፓምፕ

ሆዙን ለመፈተሽ ሌላ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ በእጃችሁ ጨበጥ አድርጉት። እጃችሁ ውስጥ ካበጠ ይቀየር፤ በብረት ክር የተጠለፈውን ብታደርጉ ጥሩ ነው። ደህና ሆዝ ከሆነ ግን በተጠለፈ በመተካት የምታገኙት ልዩነት ትንሽ ነው።

የላይኛውን ፓምፕ መጠን መቀየር የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከ17.46 ሚሊሜትር ወደ 15.87 ሚሊሜትር ፒስተን ከወረዳችሁ ፔዳሉ 17 በመቶ ያህል ይቀላል። በአንድ እርግጫ የሚሄደው ዘይትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያች የ25 ሚሊሜትር ትርፍ ቀድማ ጠባብ ከነበረች ፍሪሲዮኑ መልቀቅ ያቆማል። ፓምፕ ትልቅ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከባድ፣ ግን አጭር እርግጫ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ደብተራችሁን ተመልከቱ።

ካምቢዮው ለሌላ ሥራ ከወረደ

ለእግር ምቾት ብቻ ብላችሁ አታስወርዱት። ግን ሸራ ለመቀየር ከወረደ፣ ሹካው የሚያርፍበትን ኳስ ተመልከቱ። ጠፍጠፍ ብሎ ከተበላ ይቀየርና ትንሽ ግሪስ ይቀባ። ኩሽኔታው የሚንሸራተትበት ቱቦ በጥፍር ሲዳሰስ ቦይ ካለው ፔዳሉ የሚንቀጠቀጠው በእሱ ነው። ኩሽኔታውን ደህና ቢመስልም ቀይሩት። ጠንካራ ፕሬሸር ፕሌት ለመግጠም ከተፈተናችሁ ሞተሩ ጉልበት ካልተጨመረለት በቀር ትርፉ የከበደ ፔዳል ብቻ መሆኑን እወቁ።

ዘይት ያለበት መስመር ከተከፈተ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ ሁለት ቦታ እዩ። አንዱ የታችኛው ፓምፕ ላስቲክ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ጠርዙን ገለጥ አድርጋችሁ እርጥበት ፈልጉ። ሁለተኛው ጋቢና ውስጥ፣ መግፊያ ዘንጉ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ነው። እዚያ የሚያፈስ ፓምፕ ዘይቱን በዘንጉ አድርጎ ወደ ምንጣፉ ስለሚያወርደው ኮፈን ከፍቶ የሚያይ ሰው አያገኘውም። የማጠራቀሚያውን ደረጃ በማርከር አስምራችሁ ከነበረ ከመስመሩ በታች መውረዱ ቀድሞ ይነግራችኋል።